ምዕራፍ ሰባት፦ ባለ 18 ሴንቲ ሜትሩ ተጫዋች

ኳሷ ብርቱካናማ የጎልፍ ኳስ ናት፤ 46 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ተጫዋቾቹ ራስም እግርም የላቸውም። ቁመታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው ከ18 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሊመራቸው አይፈቀድለትም። የሠሯቸው ተማሪዎች ከሜዳው ጠርዝ ኮምፒውተራቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ይመለከታሉ። ተጫዋቾቹ ግን ይቀባበላሉ፣ ክፍት ቦታ ፍለጋ ይሮጣሉ፣ ግድግዳ ሠርተው ቅጣት ምት ይመክታሉ፣ ኳሷን ከተከላካይ በላይ አሻግረው ለጓደኛቸው ያደርሳሉ። ሕጉ ኳሷን በሴኮንድ እስከ 6.5 ሜትር ፍጥነት መምታት ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አዲስ ተመልካች ጎል መቆጠሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከጭብጨባው ነው።

ይህ ጨዋታ ሮቦካፕ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ዘርፎች አንዱ ሲሆን የትንንሽ ሮቦቶች ሊግ ተብሎ ይታወቃል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮቦቶቹን የሚሠሩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በአንድ መምህር ቤተ ሙከራ ሥር ተሰባስበዋል። ሌሎቹ ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ ያለ ደመወዝ፣ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ክለብ ውስጥ ይሠራሉ። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተማሪዎች በ1999 ያቋቋሙት ሮቦጃኬትስ እንዲህ ያለ ክለብ ነው። በቫንኩቨር የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያቆሙት ታንደርቦትስም እንደዚያው።

የእነዚህ ክለቦች ትልቁ ፈተና ምረቃ ነው። የሞተር መቆጣጠሪያውን ሰሌዳ የነደፈችው ተማሪ፣ ሰሌዳው በወጉ መሥራት በጀመረበት ዓመት ዲግሪዋን ይዛ ትሄዳለች። የበረኛውን ፕሮግራም የጻፈው ልጅ ሥራ ይይዝና ሌላ ከተማ ይገባል። በምትካቸው የሚመጡት ደግሞ የብየዳ መሣሪያ ይዘው የማያውቁ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ባለሙያዎቹን በየዓመቱ የሚያሰናብት ድርጅት እየደከመ ሊሄድ ይገባው ነበር። የዚህ ሊግ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሮቦቶቹ ከዓመት ዓመት ፈጥነዋል፣ ቅብብላቸውም በስሏል። እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄዶ ጨዋታው ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

እግር ኳስ የሚጫወት ሮቦት የሚለውን ሐሳብ በ1992 በጽሑፍ ያቀረቡት በዚያው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት አላን ማክዎርዝ ነበሩ። በዓመቱ ጃፓን ውስጥ ሂሮአኪ ኪታኖ፣ ሚኖሩ አሳዳና ያሱዎ ኩኒዮሺ የሚገኙበት የተመራማሪዎች ስብስብ ተመሳሳይ ውድድር ሊያቋቁም ተነሣ። የመጀመሪያ ስሙን የወሰዱት በዚያው በ1993 ጨዋታ ከጀመረው የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ ነበር። ከሌሎች አገሮች እኛም እንሳተፍ የሚል ጥያቄ ሲበረክት ስሙ ሮቦካፕ ሆነ። የመጀመሪያው ውድድር በ1997 ናጎያ ላይ ተካሄደ።

ዓመቱ የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው። በግንቦት ወር ዲፕ ብሉ የተባለው የአይ ቢ ኤም ኮምፒውተር የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸንፎ ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል ቼዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ዋና መፈተኛ ሆኖ ኖሯል፤ አሁን ሌላ መፈተኛ አስፈለገ። እግር ኳስ የተመረጠው በቼዝ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ስለሚጠይቅ ነው። በቼዝ ተጫዋቾቹ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በእግር ኳስ ተራ የለም። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ በሜዳ ላይ ኳሷ ከተጫዋች ጀርባ ትሰወራለች፣ ካሜራው ይሳሳታል፣ ጎማው ያንሸራትታል። ከሁሉም በላይ በቼዝ የሚያስበው አንድ አእምሮ ነው፤ እግር ኳስ ግን የቡድን ሥራ ነው። የሮቦካፕ መሥራቾች የያዙት ግብም ትልቅ ነው፦ በ2050 የሰው ቅርጽ ያላቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ ሮቦቶች በፊፋ ሕግ ተጫውተው የዓለም ዋንጫ ባለቤት የሆነውን የሰዎች ቡድን እንዲያሸንፉ።

ትንንሾቹ ሮቦቶች ይህን መቼም አያደርጉም፤ እግር የላቸውም። ነገር ግን በሁለት እግር መቆም የሚባለው ከባድ ጣጣ ስለሌለባቸው፣ የሰው ቅርጽ ያላቸው ዘመዶቻቸው ገና ከመውደቅ ጋር ሲታገሉ እነሱ ወደ ዋናው ጥያቄ ገብተዋል። ያለ ኳስ የት ልቁም? ልምታ ወይስ ላቀብል? ጓደኛዬ ወዴት ሊሮጥ ነው? የቡድን ጨዋታን በማሽን ለማጥናት ከዚህ ሊግ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1997ቱን ናጎያ ላይ፣ የ1998ቱን ፓሪስ ላይ፣ የወሰደው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። ይመሩት የነበሩት የፖርቱጋል ተወላጇ ማኑዌላ ቬሎሶ ናቸው። ያን ጊዜ ሜዳው የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ያህል ነበር፤ ሮቦቶቹም በግራና በቀኝ ሁለት ጎማ ብቻ ነበራቸው። ሁለት ጎማ ያለው ሮቦት ወደ ጎን መሄድ አይችልም። አጠገቡ በስተቀኝ የቆመችውን ኳስ ለማግኘት መጀመሪያ መዞር፣ ከዚያ መሄድ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎል መዞር አለበት። ያን ሁሉ እስኪጨርስ ኳሷ ሄዳለች።

በ1999 ስቶክሆልም ላይ አንድ አዲስ ቡድን ብቅ አለና በመጀመሪያ ተሳትፎው ዋንጫውን ወሰደ። ከኒው ዮርክ ግዛት የመጣው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። መሪው ራፋኤሎ ዳንድሪያ ጣሊያን ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ የቁጥጥር ምህንድስና የሚያስተምር ወጣት ፕሮፌሰር ነው። ዳንድሪያ ተማሪዎቹን ያደራጀበት መንገድ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ተማሪዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ ሮቦቱን ከጎማው እስከ ፕሮግራሙ እንደ አንድ ሥርዓት እንዲያስቡት አደረገ። ውጤቱ ጎልቶ የታየው በዓመቱ በሜልበርን ነው። ኮርኔል ለሊጉ አዲስ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ይዞ መጣ።

አንደኛው ጎማው ነው። በዚህ ጎማ ዙሪያ ላይ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች በረድፍ ተሰክተዋል። ትልቁ ጎማ ሲዞር እንደ ማንኛውም ጎማ ወደፊት ይገፋል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ወደ ጎን በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጉታል። ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ጎማዎችን በሮቦቱ ዙሪያ በተለያየ አቅጣጫ ብትገጥም፣ የእያንዳንዱን ፍጥነት በመለዋወጥ ብቻ ሮቦቱ ፊቱን ሳያዞር በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። እየሄደም መዞር ይችላል። ሁለተኛው የኳስ መያዣው ነው። በሮቦቱ ፊት ለፊት በጎማ የተለበጠ አግድም በትር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ኳሷን ሲነካት ወደ ኋላ እንድትሽከረከር ያደርጋታል፣ እሷም ወደ ሮቦቱ እየተጠጋች አብራው ትሄዳለች። ሕጉ ኳስ ታቅፎ መሮጥን ስለማይፈቅድ ከኳሷ ቢያንስ 80 በመቶው ከላይ ሲታይ ከሮቦቱ አካል ውጪ መሆን አለበት። በትሩ ግን ይህን ሕግ ሳይጥስ ኳሷን ያስከትላታል።

ኮርኔል በ2000 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። በ2001 ሲያትል ላይ ዋንጫው ንጂ አን ወደተባለው የሲንጋፖር ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ሄደ፤ በ2002 ፉኩኦካ ላይና በ2003 ፓዶቫ ላይ ወደ ኮርኔል ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሁለት ጎማ ብቻ ዋንጫ ማሰብ የማይሞከር ሆነ። ሁሉም ጎማውን ወሰደ፣ ሁሉም በትሩን ወሰደ።

የዳንድሪያ ታሪክ ከሜዳ ውጪም ቀጥሏል። ሚክ ማውንትዝ የተባለ ነጋዴ ዌብቫን በሚባል በኢንተርኔት አስቤዛ በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ ነበር፤ ኩባንያው በ2001 ከሰረ። ማውንትዝ ከዚያ የወሰደው ትምህርት የመጋዘን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመራመድ መሆኑን ነው። ሰው ወደ መደርደሪያው ከሚሄድ መደርደሪያው ወደ ሰው ቢመጣስ? በ2003 ከፒተር ዉርማንና ከዳንድሪያ ጋር ሆኖ ኪቫ ሲስተምስን መሠረተ። ዝቅ ያሉ ሮቦቶች ከመደርደሪያ ሥር ይገቡና ያነሡታል፣ ወለሉ ላይ የተለጠፉ ምልክቶችን እያነበቡ ይዘውት ይሄዳሉ። አማዞን ኩባንያውን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2025 ደግሞ በመጋዘኖቹ የሚሠሩት ሮቦቶች ቁጥር አንድ ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነገር አለ። የኪቫ ሮቦት የኮርኔልን ልዩ ጎማ አልወሰደም፤ በሁለት ተራ ጎማ ነው የሚሄደው። ከሜዳው ወደ መጋዘኑ የተሻገረው ብዙ ሮቦቶች በአንድ ጠባብ ቦታ ሳይጋጩ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ፣ በሬዲዮ እየተመሩ እንዲሠሩ የማድረግ ልምድ ነው። ተማሪ ለዋንጫ ብሎ የደከመበት ነገር ሌላ ቦታ ሲያገለግል ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ዕቃው ይቀራል፣ አስተሳሰቡ ይሄዳል።

ጎማው ከተፈታ በኋላ ጥያቄው ምት ሆነ። ዛሬ ሁሉም ቡድን ማለት ይቻላል የሚጠቀመው ሶሌኖይድ ነው፤ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ባዶ ቱቦና በውስጡ የሚንሸራተት የብረት ዘንግ። በሽቦው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዘንጉ ተወርውሮ ኳሷን ይመታል። ችግሩ የሮቦቱ ባትሪ ያን ያህል ኃይል በአንድ ቅጽበት መስጠት አለመቻሉ ነው። መፍትሔው ካፓሲተር ነው። ቧንቧ በቀጭኑ እያንጠባጠበ የሞላውን በርሜል ገልብጦ በአንድ ጊዜ እንደማፍሰስ ነው፦ ትንሽ ሰሌዳ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 200 ቮልት አካባቢ እያሳደገ ካፓሲተሩን ይሞላል፤ የምቱ ትእዛዝ ሲመጣ ያ ሁሉ በጥቂት ሺኛ የሴኮንድ ክፍልፋዮች ውስጥ በሽቦው ያልፋል። ሁለተኛ ሶሌኖይድ ደግሞ ኳሷን ከሥር እየማሰ ወደ አየር ያነሣታል። ካፓሲተሩ ሮቦቱ ከጠፋም በኋላ ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ የክለቦቹ አዲስ አባላት በቅድሚያ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ሮቦቱን ከመክፈት በፊት እሱን ማራገፍ ነው። በ18 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ አምስት ሞተር፣ ሁለት ሶሌኖይድ፣ ካፓሲተር፣ ባትሪ፣ ሬዲዮና ሰሌዳዎች መግባት አለባቸው። ለዚህ ነው ብዙ ቡድኖች እንደ ስዊዘርላንዱ ማክሰን ያሉ ጠፍጣፋ ሞተሮችን የሚመርጡት፤ ውድ ናቸው፣ ግን ቦታ ይቆጥባሉ።

ሮቦቱ ራሱ አያይም። ከሜዳው በላይ የተሰቀሉ ካሜራዎች ሁሉንም ያያሉ። በእያንዳንዱ ሮቦት አናት ላይ አምስት ባለቀለም ክቦች አሉ፤ የመሃሉ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሆኖ ቡድኑን ይለያል፣ አራቱ በአረንጓዴና በሮዝ እየተቀያየሩ የተጫዋቹን ቁጥርና የዞረበትን አቅጣጫ ይናገራሉ። ከሜዳው ጎን ያለው የቡድኑ ኮምፒውተር የሁሉንም ቦታ ተቀብሎ ይወስንና ለእያንዳንዱ ተጫዋች በሬዲዮ ትእዛዝ ይልካል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የመዘግየት ነገር ግን አለ። ካሜራው ምስሉን እስኪያነሣ፣ ኮምፒውተሩ እስኪያነብ፣ እስኪወስን፣ ሬዲዮው እስኪያደርስ፣ ሞተሩም እስኪታዘዝ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ያልፋል። በሴኮንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ሮቦት በዚያች ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ከራሱ ስፋት ይበልጣል። ማለትም ኮምፒውተሩ ሮቦቱ አለ ብሎ የሚያስበው ቦታ ላይ ሮቦቱ ሙሉ በሙሉ የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያየውን ሳይሆን የሚመጣውን ማስላት አለበት። የበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኤፍ ዩ ፋይተርስ ለዚህ ነርቭ መሰል ኔትወርክ አሠለጠነ፤ ካለፉት ጥቂት ምስሎችና ከተላኩት ትእዛዞች ተነሥቶ ሮቦቱ አሁን በእውነት የት እንዳለ ይተነብያል። ይህ በ2003 አካባቢ ነው፤ ነርቭ መሰል ኔትወርክ የዕለት ወሬ ከመሆኑ ብዙ ዓመት በፊት። ቡድኑ በ2004 ሊዝበን ላይ፣ በ2005 ኦሳካ ላይ ዋንጫ አነሣ። ካርኔጊ ሜለን በበኩሉ ውሳኔውን በሦስት እርከን ከፈለው፤ አንድ ሮቦት የሚችለው ችሎታ፣ ያን ችሎታ የሚጠቀም ታክቲክ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁሉንም ተጫዋቾች በአንድ ዕቅድ የሚያንቀሳቅስ ስልት። አንድ ስልት ጎል ካስገኘ ፕሮግራሙ ደጋግሞ ይመርጠዋል፤ ካልሠራ ይተወዋል።

እስከ 2009 ድረስ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ካሜራ ይሰቅል፣ የራሱን የምስል ማንበቢያ ይጽፍ ነበር። የአዳራሹ መብራት በተለወጠ ቁጥር ቢጫው ከብርቱካናማው እየተምታታ ተማሪዎቹ ለጨዋታ የመጡበትን ጊዜ ቀለም በማስተካከል ያሳልፉታል። አዲስ ክለብ ደግሞ አንድም ጎል ሳያገባ በዚህ ሥራ ይደክማል። መፍትሔውን ያመጡት ተፎካካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከካርኔጊ ሜለንና ከሌሎች ቡድኖች የተውጣጡ ሰዎች አንድ የጋራ ምስል ማንበቢያ ጻፉና ከ2010 ጀምሮ ለሁሉም ግዴታ ሆነ። በዚህ ውሳኔ ጠንካራዎቹ ቡድኖች ለዓመታት ያካበቱትን ብልጫ በፈቃዳቸው ለቀቁ። በስፖርት ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አይዘወተርም፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ባለሙያዎቹን በየዓመቱ የሚያሰናብት ክለብ እንዴት ሳይደክም ቀረ ለሚለው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱም የሚገኘው እዚህ ነው። ወደ ውድድሩ ለመግባት የሚፈልግ ቡድን የሮቦቱን ቪዲዮና ስለ ሥራው የሚያብራራ ጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ጽሑፎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የማርሹ ጥርስ ቁጥር፣ የካፓሲተሩ መጠን፣ ቅብብሉ የሚሰላበት ቀመር፣ አልሠራ ያለው ሙከራ ሳይቀር ይገኛል። አዲሱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የክለቡ ነባሮች ቢመረቁም የሚማርበት አያጣም፤ የራሱን ክለብ ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚዎቹንም ሥራ ያነባል። አንድ ክለብ ብቻውን በየአራት ዓመቱ ይረሳል። ሊጉ አንድ ላይ ግን አይረሳም።

ማስረጃው የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዋንጫው ከታይላንድ አልወጣም። መጀመሪያ የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱጆ ላይ ወሰዱት፤ ከዚያ ስኩባ የተባለው የካሴትሳርት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ግራትስ፣ ሲንጋፖር፣ ኢስታንቡልና ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። የቻይናው ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እና በ2014 ተከተለ። በ2015 ሄፌይ ላይ ካርኔጊ ሜለን ተመልሶ መጣና ስድስቱንም ጨዋታዎች አሸነፈ፤ 48 ጎል አስቆጠረ፣ አንድም አልገባበትም። የዚያ ዓመት ሮቦቶቹ ከሌሎቹ የተለየ አካል አልነበራቸውም። ልዩነቱ ኳስ በሌላቸው ተጫዋቾች ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ቅብብል ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ አስቀድመው እየያዙ ተጋጣሚን ይበታትኑት ነበር። በ2016 ላይፕሲግ ላይ ደግሞ ባለ ዋንጫው ኤም አር ኤል የተባለው የኢራን ቡድን ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው የማንሃይም ነገር ነው። በዚህች የጀርመን ከተማ ያለው ዲ ኤች ቢ ደብሊው የሚባል የትምህርት ተቋም ተማሪዎቹን የሚያስተምረው እያፈራረቀ ነው፤ ጥቂት ወራት ክፍል ውስጥ፣ ጥቂት ወራት በቀጠራቸው ኩባንያ ውስጥ። ዲግሪው በሦስት ዓመት ያልቃል። በሌላ አነጋገር ተማሪው ለክለቡ የሚተርፈው ጊዜ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያነሰ ነው፤ በዚህ ላይ ዶክትሬቱን እየሠራ ለዓመታት የሚቆይ ነባር አባል የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። በስሌት ቢሆን ይህ ተቋም ከካርኔጊ ሜለን አጠገብ ሊቆም አይገባውም። ታይገርስ ማንሃይም የተባለው ቡድኑ ግን በ2022 ባንኮክ ላይ፣ በ2023 ቦርዶ ላይ ሻምፒዮን ሆኗል። ታይገርስ በየውድድሩ ማግስት ሙሉ ሶፍትዌሩን ለሕዝብ ይለቃል። የሮቦቱን ንድፍም እንዲሁ። በቀጣዩ ዓመት የሚገጥማቸው ቡድን የእነሱኑ ኮድ አንብቦ፣ ከፈለገም ተጠቅሞበት ይመጣል። እነሱ ደግሞ ያንን እያወቁ አዲስ ነገር ይጨምራሉ።

ኮድ ለሰው የሚሰጥ ክለብ ለራሱም ሳያስበው አንድ ጥቅም ያገኛል። እንግዳ ሰው እንዲያነበው ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም በሥርዓት ይጻፋል፣ ማብራሪያ ይኖረዋል፣ በራሱ ይፈተሻል። በዓመቱ ክለቡን የሚቀላቀለው ተማሪም ለኮዱ እንግዳ ነው። ለተጋጣሚ የተዘጋጀው ስንቅ ለተተኪውም ይሆናል።

ይህ ልማድ በጥቂት ቡድኖች ብቻ የተወሰነ አይደለም። የቴህራኑ አሚርካቢር ዩኒቨርሲቲ ፓርሲያን የተባለ ቡድን ሜዳውን፣ ኳሷንና ሮቦቶቹን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ሶፍትዌር ሠርቶ በነፃ ለቀቀ፤ በየአህጉሩ ያሉ ክለቦች ሮቦታቸው ገና ሳይሠራ ስልታቸውን የሚሞክሩት በእሱ ነው። የጀርመኑ ኤርላንገን ተማሪዎች ቡድን ኢ አር ፎርስም የራሱን ማስመሰያ አበረከተ። በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ በርቀት ሲካሄድ፣ ቡድኖቹ በየአገራቸው ሆነው በማስመሰያ ሜዳ ላይ መግጠም የቻሉት እንዲህ ያለ ሥራ አስቀድሞ ስለነበረ ነው።

አሁን ደግሞ ዳኝነቱም ወደ ተማሪዎቹ እጅ ገብቷል። ጨዋታው እየፈጠነ ሲሄድ ኳሷ በሴኮንድ 6.5 ሜትር አልፋ ይሁን አይሁን፣ ሮቦቱ ኳስ ይዞ ከተፈቀደለት ከአንድ ሜትር በላይ ሄዶ ይሁን አይሁን የሰው ዓይን መለየት አቃተው። ስለዚህ ታይገርስና ኢ አር ፎርስ እያንዳንዳቸው ከካሜራው መረጃ ተነሥቶ ጥፋት የሚለይ ዳኛ ፕሮግራም ጻፉ። የሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ዳኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ኮዳቸው ክፍት በመሆኑ አድልዎ አለ የሚል ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

ሜዳውም አድጓል። ነባሮቹ ቡድኖች በሚጫወቱበት አንደኛ ዲቪዚዮን 12 ሜትር በ9 ሜትር ላይ በየወገኑ 11 ሮቦት ይሰለፋል፤ ልክ እንደ እውነተኛው እግር ኳስ። ይህ ለአዲስ ክለብ የሚከብድ ነው፤ 11 ሮቦት ማለት 44 የጎማ ሞተር ማለት ነው፣ መለዋወጫው ሳይቆጠር። ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተከፈተ፤ ሜዳው 9 በ6፣ ተጫዋቾቹ ስድስት። ጀማሪ ክለብ ምስል ማንበቢያውን፣ የጨዋታ መቆጣጠሪያውን፣ ማስመሰያውንና የሻምፒዮኖቹን ንድፍ ያለ ክፍያ አውርዶ በአንድ ኮምፒውተር ይጀምራል። ስልቱ በማስመሰያው ላይ መልክ ሲይዝ የመጀመሪያው ሮቦት ይገጠማል፤ በማስመሰያው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ተጫዋች እውነተኛው ምንጣፍ ላይ ሲወርድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንዱ ጎማ ትንሽ ተንሸራቷል፣ ወይም የሮቦቱ ክብደት ወደ ባትሪው አጋድሏል። የክለቡ የሜካኒክ፣ የኤሌክትሪክና የኮድ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ጥፋቱ የማን እንደሆነ መፈለግ የሚጀምሩት ያኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሦስቱም ሆኖ ይገኛል።